ኖኤላ በሸክላው ሁለተኛ ገጽ

ኖኤላ ፒሮት በአንደን ከተማ፣ ድልድዩ ራስጌ፣ ድንች እየጠበሰች መሸጥ ከጀመረች አርባ ስድስት ዓመት አልፏታል። ከሰኞ በቀር የማትከፍትበት ቀን የለም። ወንድሟ ሬሚ የሞተ ጊዜ እንኳ ጠዋት ቀብራው፣ «ለቀስተኛው እንደተራበ ከተበተነ ሬሚ ይቀየመኛል» ብላ ከሰዓት በኋላ ከፍታለች።

አጭር ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ። ቀኝ ክንዷ ከግራው ይወፍራል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የድንች መክተፊያውን እጀታ ቁልቁል የሳበችበት ነው። ኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ገዛች፤ ክንዱ ግን እንደወፈረ ቀረ። ደንበኛ ገና አፉን ሳይከፍት የሚበላውን እሷ ትነግረዋለች። «አንተ ዛሬ ትንሹን ነው የምትወስደው» ትለዋለች አንዱን፤ «ሚስትህ ትናንት ስለ ቦርጭህ አጫውታኛለች።» ሰውዬው ፊቱ ይቀላል፤ ትንሹን ያዛል። እሷም ሰው ሳያይ አንድ ጭልፋ ትጨምርለታለች።

ስለ ሙዚቃ ያላት አቋም በከተማው የታወቀ ነው። ዘፈን ማለት ሰው ሳህን እያጠበ የሚያንጎራጉረው ነገር ነው። ሊያንጎራጉሩት የማይቻል ከሆነ ዘፈን አይደለም፤ ሌላ ስም ይፈለግለት። ይህን አቋም እንድትይዝ ያደረጋት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ያው ሬሚ ነው።

ሬሚ ቀን ቀን ጡብ ፋብሪካ ይሠራል፤ ከሥራ ሲወጣ ጊታር ያነሳል። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁመው፣ ከድንች ቤቱ ጀርባ ካለው የድንች መጋዘን ገብተው ይለማመዱ ነበር። ስማቸውን «ሐሙስ የሌለው ሳምንት» አሉት። ስሙን ያወጣው የባንዱ አለቃ፣ ኦርጋን ተጫዋቹ ኤልዋ ነው። ኤልዋ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ እያደረገ፣ ስሙ የዘመኑን ሰው ከቀን መቁጠሪያ ባርነት ነፃ ለማውጣት የታሰበ መሆኑን ያስረዳል። ኖኤላ ግን ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ መጋዘኑን መጥረግ የሬሚ ተራ የሚሆነው ሐሙስ ሐሙስ ነበር።

የሚጫወቱትን ነገር ሰው ሲጠይቃት፣ «ቁም ሣጥን ከደረጃ ላይ ሲንከባለል ሰምተሃል? እንደዚያ ነው» ትላለች። «ልዩነቱ፣ ቁም ሣጥን አንዴ ወድቆ ያበቃል።»

አንድ ሸክላ ብቻ አሳተሙ። ሦስት መቶ ቅጂ። ሽፋኑ ግራጫ ነው፤ ላዩ ላይ አንድ እግር የጎደለው ወንበር ተስሏል። ስልሳ የሚሆነው ተሸጠ። ሬሚ ጥቂቱን ለሰርግ ስጦታ ሰጠ፤ ሙሽሮቹም አመስግነው ትኩስ ድስት አሳረፉበት። የቀረው በካርቶን ታሽጎ መጋዘን ገባ። ሬሚ ያኔ እህቱን፣ «ሁለተኛውን ገጽ ስሚልኝ፣ የማትጠብቂው ነገር አለ» እያለ ሳምንት ሙሉ ለመናት። እሷም «ነገ» አለችው። ድንች አለ፤ የመጥበሻ ሞራ አለ፤ ሰልፍ አለ። ነገው ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። ሬሚም በሠላሳ አምስት ዓመቱ በደም በሽታ ሞተ። ከዚያ በኋላ በአንዱ ክረምት ከድልድዩ ሥር ያለው የሜዝ ወንዝ ሞልቶ መጋዘኑ ገባ፤ ካርቶኖቹን ከጭቃ ጋር ለወሳቸው። ኖኤላ አካፋ አንስታ ድንቹንም ሸክላውንም አንድ ላይ ዛቀችው። ለራሷ አንድም አላስቀረችም። ወንድሟን የሚያስታውስ ነገር ከፈለገች ፎቶው አለ፤ ቁም ሣጥን መስማት አያስፈልጋትም።

ባለፈው ዓመት በፀደይ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ መጥበሻው ገና ሳይግል፣ ረጅም ቀጭን ሰውዬ መጥቶ መስኮቷ ፊት ቆመ። ደረቱ ላይ አራት ማዕዘን ቦርሳ እንደ አራስ ልጅ ታቅፏል።

«ደህና አደሩ ማዳም። ሙሴ ኤን. ፒሮትን ፈልጌ ነበር» አለ። ፈረንሳይኛውን ቃል በቃል እየመዘነ ነው የሚያወጣው።

«ሙሴ ፒሮት የሚባል ወንድ እዚህ የለም። ያለችው ማዳም ፒሮት ናት፤ እሷም እኔ ነኝ። ድንቹ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።»

«ይቅርታ ማዳም፣ ለድንች አልመጣሁም።»

«እንግዲያው መንገድ ተሳስተዋል። እዚህ ሰው የሚመጣው ለድንች ነው።»

ሰውዬው ሃርትሙት እባላለሁ አለ፤ ከጀርመን አገር፣ ከካሰል ከተማ የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው።

«የጥርስ ሐኪም!» አለች ኖኤላ። «እኔ ዘንድ የሚያገኙት ሦስት ጥርስ ነው። ለሦስት ጥርስ ይህን ያህል መንገድ?»

ሃርትሙት አልሳቀም። የሚስቅ ሰው አይደለም። ቦርሳውን ከፈተ፣ ለስላሳ ጨርቅ ገለጠ፣ ከጨርቁ ውስጥ ላስቲክ ገለጠ፤ በመጨረሻ ያ ግራጫ ሽፋን ብቅ አለ። ኖኤላ እጇን በሽርጧ ጠረገች። እሱም ሸክላውን ገልብጦ፣ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን በጣቱ አሳያት፤ «ኤን. ፒሮት፦ መሣሪያ» ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበበችው።

«ኤን. ማለት ኖኤላ ነው» አለች። «በዚህ ቤት ሌላ ኤን. የለም። ግን እኔ መሣሪያ የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት ዋሽንት ሰጥተውኝ ነበር፤ በሳምንቱ ራሳቸው ለምነው ወሰዱት።»

ሃርትሙት ከፕላስቲክ ወንበሮቹ ባንዱ ላይ ተቀመጠና ነገሩን ከሥሩ አስረዳት። በሁለተኛው ገጽ፣ በሦስተኛው ሥራ ላይ፣ ለአሥራ አንድ ደቂቃ የሚዘልቅ አንድ ድምፅ አለ። ቻክ፣ ቻክ፣ ቻክ ይላል፤ ከዚያ አንድ ነገር ውኃ ውስጥ ይዘረገፋል፤ ከዚያ እንደ ዝናብ ያለ ነገር ይንሾካሾካል። ካሰል፣ ሮተርዳምና ኦሳካ ውስጥ የሚኖሩ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ስለዚህ ድምፅ ሲጻጻፉ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። አንዱ የሸማኔ ዕቃ ነው ይላል፤ ሌላው የባቡር ፍሬን ነው ይላል፤ የኦሳካው ሰው ደግሞ አንገት መቁረጫ ነው ብሎ እስከዛሬ ከአቋሙ አልተነቃነቀም። ኤልዋ ራሱ ለአንድ መጽሔት በሰጠው ቃል፣ ፒሮት የሚባል መሐንዲስ ማሽኑን በድብቅ ሠርቶ፣ ከቀረጻው በኋላ በእሳት አቃጥሎ ከአገር ጠፍቷል ብሎ ነበር።

«ኤልዋ እንደዚያ አለ?»

«በጽሑፍ ማዳም። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት።»

ኖኤላ የመጥበሻውን እሳት ዝቅ አደረገችው። ሃርትሙትም፣ ለመሆኑ ከሸክላው የተረፈ ቅጂ ይኖር እንደሆነ ጠየቃት።

«ነበረ፣ ሁለት መቶ የሚበልጥ። በአካፋ ዝቄ ለማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ መኪና ሰጠሁት።»

ሰውዬው ዐይኑን ጨፈነ። ቆይቶ በቀጭን ድምፅ፣ አንዱ ቅጂ ዛሬ የአንድ ትንሽ መኪና ዋጋ እንደሚያወጣ ነገራት።

«እንግዲያው ያ መኪና ሁለት መቶ መኪና ጭኖ ነው የሄደው» አለች ኖኤላ። «እኔ ደግሞ ሾፌሩን በነፃ ድንች አብልቼ ሸኘሁት። አይዞዎት ሙሴ ሃርትሙት፣ አንዳንዱ ተሰንጥቆ ነበር።»

ከዚያ ስልኳን አንስታ ኤልዋ ጋ ደወለች። ኤልዋ ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ብቻውን ይኖራል። ከሱቋ ጋር የሚያገናኘው ነገር ቢኖር ዓርብ ዓርብ የሚወስደው አንድ ትልቅ ድንችና አንድ ትልቅ ክርክር ነው።

«ኤልዋ፣ የጠፋው መሐንዲስ እኔ ነኝ» አለችው። «ከአገር ተመልሻለሁ።»

«ማን መጣ?» አለ ኤልዋ።

«ከካሰል የመጣ የጥርስ ሐኪም።»

«ኖኤላ፣ በፈጠረሽ! ምንም እንዳትነግሪው። እኔ እመጣለሁ።»

«እኛ ነን የምንመጣው፤ ማጫወቻው ያለው አንተ ጋ ነው። ቡናውን ጣድ። ደግሞ ማሽን በድብቅ ተሠራ ያልከው ምን ማለትህ ነው? አምፖል ስትቀይር እንኳ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የጠራህ ሰው!»

በአርባ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማክሰኞ ቀን፣ በመስኮቱ ላይ «እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ለጥፋ ሄደች። ሰልፍ የያዙት ሁለት የጉምሩክ ሠራተኞች አንዳች ሞት የተረዳች መስሏቸው ባርኔጣቸውን አነሱላት።

ኤልዋ ሸሚዙን አዝራር አሳስቶ ቆልፎ በሩ ላይ ጠበቃቸው። የሩዝ ኬክ ቆርሷል፤ ቡና ቀድቷል። ሃርትሙት የቀረበለትን ሳይነካ ሸክላውን በሁለት መዳፉ አውጥቶ ማጫወቻው ላይ አኖረው። መርፌውን ሲያሳርፍ ትንፋሹን እንደያዘ ነበር፤ ጥርስ ሲነቅልም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ የታወቀው ቁም ሣጥን ወደቀ። ኖኤላ ኬኳን እየበላች ታገሰች። ከዚያ ጊታሩም ኦርጋኑም ፀጥ አሉና ያ ድምፅ መጣ።

ቻክ። ቻክ። ቻክ።

ኖኤላ ሹካዋን አስቀመጠች። ክንዷ ከጆሮዋ ቀድሞ አወቀው። የእጀታው መጀመሪያ ጠንከር ብሎ በኋላ የሚለቅበት፣ ድንቹ ባልዲው ውኃ ውስጥ የሚዘረገፍበት፣ ቀጥሎም የፊተኛው ጥብስ ሞራ ውስጥ ሲገባ የሚያሰማው ጩኸት፤ ሁሉም በየተራው አለ።

«ቅዳሜ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሰልፉ ረጅም ነው። በዚህ ፍጥነት የምከትፈው ቅዳሜ ብቻ ነው።»

«ምኑን ነው የሚከትፉት?» አለ ሃርትሙት።

«ድንች ነዋ! ምን ልከትፍልዎ?»

ሃርትሙት ወደ ኤልዋ ዞረ። ኤልዋ የቡናውን ስኒ እስከ አፍንጫው ድረስ ከፍ አድርጎ ተደብቋል።

«ታዲያ ድግምቱስ?» አለ ሃርትሙት። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከድምፁ በኋላ አንዲት ሴት በማይታወቅ ቋንቋ የምታሰማው ምሥጢራዊ ግጥም አለ፤ የሮተርዳሙ ሰው ፊደል በፊደል ገልብጦታል። ሃርትሙት ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ጸሎት ከልቡ አነበበው።

ኖኤላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ቋንቋው ዋሎንኛ ነው፤ የአያቶቿ ቋንቋ፣ እሷም ስትናደድ ብቻ የምትናገረው።

«ሙሴ ሃርትሙት፣ ይህ እኮ ግጥም አይደለም። ‹ሬሚ! ሞራው ሊቃጠልብኝ ነው፤ አንተ ሽቦ አንጠልጥለህ ትስቃለህ? ውጣ ከዚህ፣ አንተ ዱባ ራስ!› ነው የሚለው።»

ይህን ስትል ሸክላው ላይ ያለችው የሃያ ስድስት ዓመቷ ኖኤላ ያንኑ ቃል ጮኸችው። ወዲያውም እዚያው ሸክላው ላይ፣ ከሱቋ መስኮት ሥር፣ የሰው ሳቅ ተሰማ። አፉን በመዳፉ ለማፈን ሞክሮ ያቃተው ሰው ሳቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የሚቀጥን።

ኖኤላ ሳቋ ቆመ።

ሬሚን ከቀበረች ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኗታል። መልኩን አልረሳችም፤ ፎቶው አለ። ሳቁ ግን እንዴት እንደነበረ ከጠፋት ቆይቷል፤ መጥፋቱንም እስከዚያች ደቂቃ አላወቀችም።

«እስኪ መልሱት» አለች።

ሃርትሙት መርፌውን አንስቶ መለሰው። ደግሞ መለሰው። ሸክላው በተጫወተ ቁጥር የሚያልቅ መስሎት እንደሚሳሳ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ግን አምስት ጊዜ መለሰላት። ለዚህ ሥራው ኖኤላ እስከዛሬ ትወደዋለች።

ኤልዋ ስኒውን አስቀመጠ። «ሬሚ ነው ማይክሮፎኑን በመስኮትሽ ያንጠለጠለው» አለ። «ሸክላው ሲወጣ ሊያስቅሽ ነበር። ስምሽንም ያጻፈው እሱ ነው።»

«እሺ፣ መሐንዲሱስ?»

«መሐንዲሱ የእኔ ነው።» ኤልዋ መነጽሩን አወለቀ። «ሁለት ዓመት ለፍቼ የጻፍኩትን ኦርጋን የሚያነሳው ሰው የለም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለዚያ ድምፅ ነው። ከሸክላው ሁሉ የተወደደውን ነገር የሠራችው፣ እየሠራች መሆኗን እንኳ የማታውቅ ድንች ጠባሽ ናት ብዬ እንዴት ልናገር?»

«እንዲህ ብለህ ነዋ። አሁን ያልከውን። ረጅም አይደለም።»

«አፈርኩ ኖኤላ።»

«ማፈርህስ ጥሩ። ግን ከአገር ማባረርህ ምን ይሉታል? ቢያንስ እዚህ ጎረቤት ናሙር አታስቀረኝም ነበር?»

ሃርትሙት ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል ብለው ሁለቱም ጠብቀው ነበር። እሱ ግን ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ፣ የድንቹን ዓይነት፣ የባልዲውን ስፋት፣ ሞራው የበሬ ይሁን የፈረስ ሲጠይቅ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ያን ዕለት ማታ ለአርባዎቹ ጻፈላቸው። ሮተርዳም በደስታ አበደች። ኦሳካ ሦስት ቀን ዝም ካለች በኋላ፣ «መቁረጫ መሆኑን ግን አውቄ ነበር» የሚል አጭር መልስ ላከች።

በመፀው ሸክላው እንደገና ታተመ፤ አርባዎቹ አዋጥተው። ኤልዋ የመጽሔቱን ውሸት የሚያርም ጽሑፍ ለሽፋኑ እንዲያዘጋጅ ተነገረው። ሁለት ገጽ ጻፈ። ኖኤላ ባንኮኒው ላይ ዘርግታ በድንች ቢላዋ እየጠቆመች ወደ አምስት መስመር አወረደችው። ከስሟም አጠገብ «መሣሪያ» የሚለው ተሰርዞ፣ «ኖኤላ ፒሮት፦ ድንች፣ ሞራ፣ ስድብ» ተብሎ ተጻፈ።

ለምርቃቱ ካሰል ጠሯት። አልሄድም አለች፤ ሄደች። የድሮው የእጅ መክተፊያ ከሱቁ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ኤልዋ ባቡር ሙሉ ጭኑ ላይ ይዞት ሄደ። አዳራሹ ውስጥ ስልሳ የሚሆን ሰው፣ ሁሉም ጥቁር የለበሰ፣ ትንፋሹን ይዞ ተቀምጧል። «የማን ቀብር ነው?» አለች ኖኤላ መድረኩ ላይ ሆና። ማንም አልሳቀም፤ ሁለት ሰዎች ግን ማስታወሻ ጻፉ።

ኤልዋ ኦርጋኑን ያዘ። እሷ መክተፍ ጀመረች፤ መጥበሻው ጋለ። ሁሉም ነገር በደንብ ሄዶ ስድቡ ላይ ሲደርስ ኖኤላ ዝም አለች። ሃርትሙት ከመጋረጃው ጀርባ በእጁ ይለምናታል። እሷ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሳልናደድ አልሳደብም፤ ሙሴ፣ ሐሰት ይሆናል» ትለዋለች። ይህን ያየ ኤልዋ ሊረዳት ከኦርጋኑ ሲነሳ፣ ክርኑ ባልዲውን መታው፤ የተከተፈው ድንች ሁሉ ከነውኃው መድረኩን አጥለቀለቀው።

ከዚያ በኋላ የተሰማውን ዋሎንኛ እዚህ መድገም አይቻልም። ከሬሚ ጊዜው በሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ የኤልዋ እናትም፣ መሬት ቅየሳም፣ ኦርጋንም አልቀረለትም። ስልሳው ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አንዲት ወጣት አለቀሰች። ኖኤላ የተረፈውን ድንች አጥባ፣ ሁለት ጊዜ ጠብሳ፣ ሁሉንም አበላቻቸው፤ ጨዋነታቸውን የረሱት ያኔ ነው። የሃርትሙትም ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

በመልሱ ባቡር ላይ፣ ኤልዋ መክተፊያውን ጭኑ ላይ እንደያዘ፣ «ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ የልምምዱ ቴፖች አሉ» አላት። «አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሬሚ ሁሉም ላይ አለ። እሱ ከሞተ ወዲህ ከፍቼ አላውቅም፤ ብቻዬን አልቻልኩም።»

ኖኤላ ባቡሩ ሊየዥ ሲገባ፣ «ሰኞ ሥራ የለኝም» አለችው።

እናም ሰኞ ሰኞ ዳገቱን ትወጣለች። ኤልዋ ቴፑን ያስገባል፤ እሷ ከጎኑ ሹራብ ትሠራለች። አብዛኛው ያው ቁም ሣጥን ነው። አልፎ አልፎ ግን ይቆማል፤ ሬሚ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ጊታሩን ይቃኛል፤ የጡብ ፋብሪካ አለቃውን ስም ያጠፋል። ባለፈው ሰኞ በአንዱ ላይ፣ «ማነው ሳንድዊቼን የበላው?» ሲል ተሰማ። ወጣቱ ኤልዋ ሲመልስ፣ «እኔ አላየሁም» አለ።

ኖኤላ ቴፑን አቆመችው።

«ኤልዋ።»

«ምን?»

«አንተ ነህ።»

«ኧረ ባክሽ፣ አርባ አምስት ዓመት ያለፈው ነገር!»

«አንተ ነህ የበላኸው። ድምፅህን አውቀዋለሁ።»

ኤልዋ ጉልበቱ ላይ ያለውን ፍርፋሪ አራገፈ። «አይብ ነበረው» አለ አቀርቅሮ። «ሰናፍጭም።»

«ሰናፍጩን እኔ ነኝ የቀባሁት» አለች ኖኤላ፤ እጇንም ዘርግታ ቴፑን መልሳ ከፈተችው።